ስምንት የእጅ ባትሪ ይዘን ሁለቱ ብቻ የበሩልን ሌሊት

ስድስት ሰዎች ነበርን፣ ስምንት የእጅ ባትሪ ይዘናል። ወንድም ጋሼ ከወንዙ ዳር «እግሬን! እግሬን!» እያለ ሲጮህ ግን በደንብ የበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ሁለቱም የአንዲት ጓደኛችን ነበሩ። ከተመለስን በኋላ ስድስቱ ለምን እምቢ እንዳሉ አንድ በአንድ ፈትሻለሁ። ያገኘሁትን የምጽፈው፣ እነዚያው ችግሮች አሁን ብዙ ሰው መሳቢያ ውስጥ ተኝተው እንዳሉ እርግጠኛ ስለሆንኩ ነው።

መጀመሪያ አንድ የቃል ነገር እናስተካክል። «ባትሪ» ስንል መብራቱንም ውስጡ የሚገባውንም ነው የምንጠራው። እዚህ እንዳይምታታ «የእጅ ባትሪ» ስል መብራቱን፣ «ድንጋይ» ስል ውስጡ የሚገባውን ማለቴ ነው።

ጫካ ውስጥ፣ ከወንዝ ከፍ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ፣ ድንኳን ተክለን ሶስት ሌሊት ለማደር ነበር የሄድነው። እኔ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የ14 ዓመት ልጁና ሶስት ጓደኞች። መኪናው የቆመበት ቦታ በእግር ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል። የመጀመሪያው ሌሊት ጥርት ያለና ጨረቃ የወጣችበት ስለነበር መብራት እምብዛም አላስፈለገንም። ያ ሌሊት ነው የጎዳን፤ ማንም የያዘውን ሳይሞክር ተኛ። በማግስቱ ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ዝናቡ ወረደ። ወንድም ጋሼ ጄሪካኑን ወንዙ ዳር ትቶት ነበርና «ውሃው ሳይሞላ ላምጣው» ብሎ ትልቁን የእጅ ባትሪውን ይዞ ወረደ። እኛ ድንኳን ውስጥ ሆነን ብርሃኑ እየተወዛወዘ ቁልቁል ሲሄድ ይታየናል። ከዚያ ድርግም አለ። ትንሽ ቆይቶ ጩኸቱ መጣ።

የግንባር ባትሪዬን ከቦርሳዬ መዝዤ ማብሪያውን ተጫንኩት። ምንም የለም። ደግሜ ስጫነው አንዲት ቀይ ነጥብ ብልጭ ብላ ጠፋች። አንዱ ጓደኛዬ የራሱን ግንባሩ ላይ አስሮ «ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ነበር እኮ!» እያለ ይጫናል፤ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይበራ ሄደ። የወንድሜ ልጅ ከስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ሆኖ «አጎቴ፣ የኔም አይበራም» አለኝ። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ አሁንም ይሰማኛል፤ ከታች የሚጮኸው አባቱ ነው። ከላይ የተንጠለጠለው በፀሐይ የሚሞላ ፋኖስ ጭል ጭል ይላል። ፊታችንን እንኳ በቅጡ አያሳይም።

ያቺ ጓደኛችን ግን የግንባር ባትሪዋን ቀድማ አስራለች። ከቦርሳዋ የጎን ኪስ ደግሞ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ የእጅ ባትሪ አወጣች። የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር አጠበቀችና «ይሄን ያዝ፤ መጀመሪያ በትንሹ አብራው» ብላ ሰጠችኝ። ልጁን ከሁለቱ ጋር ትተን ሁለታችን ወረድን።

እኔ በትንሹ አላበራሁትም። ቸኩዬ ወደ ከፍተኛው አደረስኩት፤ ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ዝናቡ ብርሃኑን መልሶ አይኔ ላይ በተነው። ፊቴ ላይ ነጭ መጋረጃ የተሰቀለ ነው የመሰለኝ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ምንም አይታይም። እሷ «ዝቅ አድርገው፣ ደግሞ ወገብህ ጋ ያዘው» አለችኝ። ብርሃኑን ቀንሼ ከአይኔ ሳርቀው መሬቱ ተገለጠ፤ አለቱ፣ ጭቃው፣ የእግሩ ዱካ። ዝናብም ጭጋግም ውስጥ ከአይን አጠገብ የሚበራ ኃይለኛ መብራት ከሚጠቅመው ይልቅ የሚያሳውረው ይበዛል። ግንባር ላይ የታሰረ ደግሞ ለአይን ቅርብ ስለሆነ ይብሳል። እሷ ግን የራሷን በትንሹ አድርጋ፣ ሁለት እጇ ነፃ ስለሆነ ቅርንጫፍ እየያዘች ትወርዳለች። እኔ አንድ እጄ ተይዞ ሁለቴ ተንሸራተትኩ።

ወንድም ጋሼ አለት ላይ ተቀምጦ አገኘነው፤ እግሩ ወለም ብሎት ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። የጠፋውን የእጅ ባትሪ አሁንም ጨብጦታል። ወደ ላይ የምናወጣበትን መንገድ ለማየት ብርሃኑን ከፍ አደረግኩት። ሶስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ በራሱ ፈዘዘ። ልቤ ደነገጠ፤ ይሄም ሊሞት ነው አልኩ። «አልሞተም፤ ግሎ ነው» አለች። እውነትም ነው። ትንንሽ ኤልኢዲ የእጅ ባትሪዎች በከፍተኛው ሲበሩ በፍጥነት ይግላሉ፤ እንዳይቃጠሉ ብርሃናቸውን ራሳቸው ዝቅ ያደርጋሉ። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ የምትራመድበት ብርሃን ሌላ ነው።

ደግፈነው ሜዳው ላይ እስክንወጣ አርባ ደቂቃ ፈጀብን፤ ርቀቱ መቶ ሜትር አይሞላም። ሲነጋ ተረዳድተን መኪናው ጋ አደረስነው። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ጅማቱ ነው የተጎዳው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ስምንቱንም ሰብስቤ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። የያዝኩት የኩሽና ሚዛን፣ የኤሌክትሪክ ቴስተርና ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ መለኪያ ነው።

የወንድሜን ትልቁን አስቀደምኩ። ላዩ ላይ «10,000 ሉመን» ይላል፤ ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ይህን ቁጥር ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሊያጣራው ይችላል። የዛሬ ጥሩ ኤልኢዲ በግምት ከአንድ ዋት 100 ሉመን ያህል ይሰጣል። ስለዚህ 10,000 ሉመን መቶ ዋት ይፈልጋል። ውስጡ ያለው አንድ ነጠላ 18650 የሚባል የሊቲየም አዮን ድንጋይ ነው፤ ቁጥሩ ስፋቱ 18 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 65 ሚሊሜትር ማለት ነው። ከታወቁ ፋብሪካዎች የሚወጣ ጥሩ 18650 የሚይዘው 3,500 ሚሊአምፒር አወር አካባቢ ነው። በ3.6 ቮልት ስታባዛው 12.6 ዋት አወር ይመጣል። መቶ ዋት ቢጠየቅ ስምንት ደቂቃ እንኳ አይቆይም፣ ከዚያ በፊት ድንጋዩም መብራቱም ይግላል። ድንጋዩ ላይ ደግሞ «9900» ተጽፏል። ያን ያህል የሚይዝ 18650 የለም። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 31 ግራም ሆነ፤ ደህናው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። ሞልቼ እስኪያልቅ ስለካው 1,100 ሚሊአምፒር አወር እንኳ አልሞላም። ሚዛን ካላችሁ የ18650 ድንጋዮቻችሁን ዛሬውኑ መዝኑ፤ አስር ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ግን ያን ሌሊት የገደለው ይሄ ሁሉ ውሸት አይደለም፣ ውሃ ነው። ጭንቅላቱ ወደፊትና ወደኋላ እየተጎተተ ብርሃኑን የሚያጠብና የሚያሰፋ ዓይነት ነው። በተጎተተ ቁጥር አየር ይስባል፤ እርጥብ ከሆነ ውሃም ይስባል። ስለ ውሃ መከላከያ ምንም ቁጥር አልተጻፈበትም። አይፒኤክስ 4 ማለት የሚረጭ ውሃ ይችላል፣ አይፒኤክስ 7 ማለት አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ሰላሳ ደቂቃ ይችላል ማለት ነው። ቁጥሩ ከሌለ ውሃ አይችልም ብላችሁ ቁጠሩት።

የኔ የግንባር ባትሪ ሶስት ትሪፕል ኤ ድንጋይ ይወስዳል። ቦርሳ ውስጥ ማብሪያው ተጭኖ ሲበራ ውሏል፤ በቃ ይሄው ነው። መለዋወጫ ድንጋይ ይዤ ነበር። ግን ደብል ኤ! የገዛኋቸው መኪና ውስጥ ላለው ሌላ የእጅ ባትሪ ነበር። ሁለት ዓይነት መብራት ስይዝ ሁለት ዓይነት ድንጋይ ያዝኩ ማለት ነው፤ በጨለማ የተሳሳተው እጄ ላይ ቀረ። ደግሞ ከሶስቱ ድንጋዮች አንዱ አዲስ፣ ሁለቱ አሮጌ ሆነው አገኘኋቸው። ይህ መጥፎ ልማድ ነው። ደካማው ቀድሞ ያልቃል፣ ጠንካራው ግን በግድ እየገፋ ያሰራዋል፤ ያኔ ነው ድንጋይ የሚያፈሰው። ሲቀየር ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚቀየረው።

መኪና ውስጥ የነበረው ጭራሽ አይከፈትም። በጉጠት ይዤ ስከፍተው ነጭ ዱቄት ሞልቶታል፣ ሞላው በስብሷል። ይህ የተለመደው አልካላይን ድንጋይ ስራ ነው። ውስጡ ያለው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሲያፈስ ብረቱን ይበላል፣ አየር ሲያገኘው ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ቀለል ያለ ከሆነ በጥጥ ላይ ጥቂት ኮምጣጤ አድርጋችሁ ብትጠርጉት ይነሳል፤ ጓንት ግን አድርጉ። የኔ ግን ከዚያ አልፏል። አልካላይን ድንጋይ መጥፎ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። መብራቱ ውስጥ ከትቶ ለወራት መርሳት ነው መጥፎው።

አሁን ብዙ ሰዓት የወሰደብኝ ላይ ደረስን። «ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ነበር» ያለው ጓደኛዬ አልዋሸም። ከመሄዳችን በፊት የነበረው ሌሊት ቤቱ ሰክቶት ነው ያደረው። የሰካው ግን በስልኩ ገመድ ነው፣ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ። አብሮት የመጣውን አጭር ገመድ፣ አንዱ ጫፉ ሰፊው አሮጌ ዩኤስቢ የሆነውን፣ መሳቢያ ውስጥ ትቶታል። እኔ ጋ መጥቶ በሁለቱም ሞከርነው። በሰፊው ጫፍ ሲሰካ ቀይ መብራቱ ይበራል፣ መለኪያዬም ኤሌክትሪክ ሲገባ ያሳያል። በታይፕ ሲ ወደ ታይፕ ሲ ሲሰካ ዜሮ። ቀይ መብራቱም አይበራም። ምክንያቱ ይሄ ነው። ታይፕ ሲ ቻርጀር ማንነቱ ያልታወቀ ነገር ሲሰካበት ኤሌክትሪክ አይለቅም፤ በሌላው ጫፍ ያለው እቃ «እኔ ተቀባይ ነኝ» ብሎ እንዲያሳውቀው ይጠብቃል። የሚያሳውቀው እያንዳንዳቸው 5.1 ኪሎ ኦም በሆኑ ሁለት ጥቃቅን ሬዚስተሮች ነው። ርካሽ መብራት የሚሰሩ ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ እነዚህን አያስገቡም። አሮጌው ሰፊ ዩኤስቢ ግን ማንንም ሳይጠይቅ 5 ቮልት ይለቃል። ስለዚህ ቀዳዳው ታይፕ ሲ ስለሆነ ብቻ በማንኛውም ታይፕ ሲ ገመድ ይሞላል ማለት አይደለም። አዲስ መብራት ስትገዙ ወዲያው በሁለቱም ዓይነት ገመድ ሞክሩት፣ የቻርጅ መብራቱ ሲበራም በአይናችሁ እዩ። ጓደኛዬ ያንን ቀይ መብራት ቢያይ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይያዝ ነበር። ያን ያህል ተበሳጭቶ አይቼው አላውቅም፤ እኔም አብሬው ተበሳጨሁ።

የልጁም ታሪክ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የሱ ትንሿ የእጅ ባትሪ ውስጧ የማይወጣ ድንጋይ አላት። በመጀመሪያው ሌሊት ከእኔ ፓወር ባንክ ጋር አያይዟት ነው የተኛው። ብዙ ፓወር ባንኮች የሚወጣው ኤሌክትሪክ በጣም ሲያንስ «ምንም አልተሰካብኝም» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። የልጁ መብራት የምትስበው ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። ቤት ስሞክረው ፓወር ባንኩ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጠፋ። አንዳንዱ ፓወር ባንክ ለጆሮ ማዳመጫና ለሰዓት ተብሎ አነስተኛ ኃይል የሚለቅበት ሁኔታ አለው፤ ብዙ ጊዜ ቁልፉን ሁለቴ በመጫን ይነሳል። የኔም አለው። መመሪያውን አንብቤው አላውቅም ነበር።

ፓወር ባንክ ላይ ሳለሁ ስለ ቁጥሩም ልበል። «10,000» የሚለው ውስጡ ባለው 3.7 ቮልት የተቆጠረ ነው፣ 37 ዋት አወር ማለት ነው። ወደ 5 ቮልት ሲቀየርና በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ እጃችሁ የሚገባው 6,000 አካባቢ ነው። አንድ ጥሩ 18650 ሁለት ጊዜ ላይሞላ ይችላል። ስልክም ከጨመራችሁበት አንድ ቅዳሜና እሁድ ነው።

ፋኖሱን በአጭሩ። መዳፍ የምታህል የፀሐይ ሰሌዳ ዛፍ ጥላ ስር፣ ደመና ውስጥ የምትሰበስበው ነገር የለም። ቤት በዩኤስቢ ብንሞላው ኖሮ ይበራልን ነበር።

የጓደኛችን ሁለቱ ለምን በሩ? ውድ ስለሆኑ አይደለም። የግንባር ባትሪዋ አንድ ደብል ኤ የሚወስድ ተራ ነገር ነው። ውስጡ ያለው ድንጋይ እየተሞላ የሚሰራ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው፣ ቁጭ ብሎ ኃይሉን ቶሎ የማያጣው ዓይነት። ይህ ዓይነት የታወቀው የጃፓኑ ኩባንያ ሳንዮ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢነሉፕ የተባለውን ድንጋይ ካወጣ ወዲህ ነው። የድሮዎቹ ተሞልተው መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጡ በወር ውስጥ ጉልህ ክፍላቸውን ያጡ ነበር፤ እነዚህ ከአንድ ዓመት በኋላም አብዛኛውን ይዘው ይቆያሉ። ቮልታቸው 1.5 ሳይሆን 1.2 ነው። ለዛሬ ኤልኢዲ ይህ ችግር አይደለም። ለሷ ግን የድንጋዩ ዓይነት ብቻውን በቂ አይደለም፤ በየወሩ መጀመሪያ ሁሉንም አውጥታ ታያለች። ቻርጀሯ እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው የሚቆጣጠር ነው፤ ጥንድ ጥንዱን አንድ ላይ የሚሞላ ከሆነ አንዱ ሳይሞላ ሌላው ይጨናነቃል።

ሁለተኛው ለኔ የሰጠችኝ ነው፣ አንድ 18650። ክዳኑን ሩብ ዙር አላልታ ነው የምትይዘው። በዚህ አንድ እንቅስቃሴ ሁለት ነገር ታስቀራለች፦ ቦርሳ ውስጥ በስህተት አይበራም፣ ማብሪያው ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ጠፍቶም ቀስ እያለ የሚስበው ኃይል ይቆማል። የክዳኑን ጥርስና የጎማ ቀለበቱን አሸዋ እንዳይዝ ትጠርጋለች። መለዋወጫ ድንጋዩን በፕላስቲክ ማቀፊያ ነው የምትይዘው። ይህ ወሳኝ ነው፤ ሊቲየም አዮን ድንጋይ ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ቢነካካ ሊቃጠል ይችላል።

ሂሳቡንም አስረድታኛለች። ያ 12.6 ዋት አወር በ100 ሉመን አስራ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፣ በ1,000 ሉመን አንድ ሰዓት ገደማ። አይናችን ደግሞ በግምት ብርሃኑ አራት እጥፍ ሲሆን ነው ሁለት እጥፍ የሚመስለው። ስለዚህ ከ100 ወደ 400 ስትወጡ ድንጋዩን አራት እጥፍ እየበላችሁ የምታገኙት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ድንኳን ውስጥ ከአንድ እስከ አምስት ሉመን ይበቃል። ለመራመድ 50 ገደማ። መቶና ሁለት መቶ ሉመን የሚያስፈልገው ሰው ሲፈለግ ነው።

ማሸጊያ ላይ «ኤፍኤል 1» የሚል ካያችሁ ቁጥሮቹ በአንድ ዓይነት መለኪያ የተለኩ ናቸው ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የአሜሪካ ደረጃ ነው። ግን እሱንም ማንበብ ያስፈልጋል። «የሚቆይበት ሰዓት» የሚለው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው። «የሚደርስበት ርቀት» የሚለውም ብርሃኑ እንደ ሙሉ ጨረቃ እስኪሆን ድረስ ነው። 200 ሜትር ካለ እዚያ ርቀት ላይ ያለውን ሰው በደንብ አታዩትም።

ከዚህ በኋላ ቤታችን ውስጥ ያለውን በሙሉ ቀየርን። የሁሉም ሰው የግንባር ባትሪ ደብል ኤ ሆነ፤ የአንዱ ድንጋይ ለሌላው ይሆናል። መኪና ውስጥ የሚቀመጠው የማይሞላ ሊቲየም ደብል ኤ ነው የያዘው፤ እስከ ሃያ ዓመት ይቆያል ተብሎ የሚሸጥ፣ ብርድ የሚችል፣ እንደ አልካላይን የማያፈስስ። ከደብል ኤ ጋር አንድ ቁመት ያለው 14500 የሚባል ሊቲየም አዮን ግን ቤት እንዳይገባ ተስማምተናል። 3.7 ቮልት ነው፤ ልጁ ሳያውቅ ለደብል ኤ ብቻ የተሰራ መብራት ውስጥ ቢከተው ያቃጥለዋል። 18650 ሁለት አሉን። ለአደጋ የሚሆነው ሙሉ ተሞልቶ ይቀመጣል፤ ሙሉ ሆኖ መቀመጡ ዕድሜውን ያሳጥረዋል፣ እኔ ግን ዕድሜውን ሰውቼ ዝግጁነቱን መርጫለሁ። መለዋወጫው በግማሽ ነው የሚቀመጠው። ከዜሮ ዲግሪ በታች በቀዘቀዘ ቦታ አንሞላም፣ ማንም በሌለበትም አንሞላም። ሰፊ ጫፍ ያለው ገመድ ፓወር ባንኩ ላይ በፕላስተር ተጣብቋል።

ከወንድም ጋሼ ጋር ያልተስማማንበት አንድ ነገር አለ። እሱ ድንጋዩ የማይወጣ፣ በዩኤስቢ የሚሞላ መብራት ይወዳል። «ሰክተህ ትረሳዋለህ» ይላል። እውነት ነው፣ ለቤት ይመቻል። እኔ ግን ለመንገድ አልቀበለውም። ድንጋዩ ሲያልቅ በአስር ሰከንድ የሚቀየርና ሁለት ሰዓት ገመድ ላይ የሚቆይ አንድ አይደሉም፣ በተለይ ሰው ዝናብ ውስጥ ተቀምጦ እየጠበቀ ከሆነ። ሁለቱንም ይዘናል።

ከወር በኋላ አንድ ማታ ለማንም ሳልነግር የቤቱን ቆጣሪ አጠፋሁት። ልጁ በ11 ሰከንድ ውስጥ አብርቶ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ወንድም ጋሼ የራሱን አላገኘውም፤ መኪና ውስጥ ነበር። አሁን አልጋው አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ክዳኑ ሩብ ዙር ላልቶ።